ደህና ናት ይሉኝ ነበር

በዘጋቢነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ባለሥልጣን ባጋጠመኝ ቁጥር ሁለተኛ ጥያቄ አስከትል ነበር። በልጄ ጉዳይ ግን አልገፋሁበትም።

ልጅቷ አዲስ አበባ በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ትኖር ነበር። ልቧ ላይ ቀዳዳ እንዳለ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይታወቃል። ከአገር ውጭ ለሚኖር ሰው ጉዲፈቻ መስጠት ከመከልከሉ በፊት ማመልከቻዬ ገብቶ ነበር፤ ሂደቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ ካለችው መኖሪያዬ ከሮቢንስዴል ለሞግዚቷ እደውል ነበር።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስትሮጥ ይደክማታል?»

«አይ አንቺ! ጋዜጠኝነቱን ተይውና እናት ሁኚ።»

ሳቅሁ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። የአባቴን ሞት የሰማሁት ከአርባው በኋላ ነው፤ ሰዎች በማለዳ ቤቴ ድረስ መጥተው። ይህን እያወቅሁ «ደህና ናት» የሚለውን እንደ መረጃ ተቀበልሁ። ለሕክምና ብቻ ቀድማ እንድትመጣ ማመልከት እችል ነበር። ወረቀቱ ይለቅ ብዬ ጠበቅሁ።

ስትመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። አየር ማረፊያው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ከንፈሯን ነው፤ ጠቁሮ ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ አራት ቀን መረመሯት። ሐኪሙ ውጤቱን ሊነግረን ሲገባ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቤተሰብ ማስተርጎም ስለማይፈቀድለት አንዲት የወሎ ሴት በአስተርጓሚነት ተመድባልን ነበር። በቀዳዳው የሚያልፈው ደም ለዓመታት ስለተጫናቸው የሳንባዋ የደም ሥሮች ደድረዋል አለ ሐኪሙ። አሁን ቀዳዳው ቢደፈን ትሞታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ምናልባት ይቻል ነበር።

አስተርጓሚዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ዶክተሩ በደንብ እረፍት አድርጊ፣ በርቺ ነው የሚልሽ፣ የኔ ቆንጆ።»

«እንደዚያ አላለም» አልኋት።

«እህቴ፣ ለሕፃን ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል እንዴ? አላህን ፍሪ እንጂ!»

«ሥራሽ ነው።»

«እንግዲያው ሪፖርት አድርጊኝ።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ልጅቷ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን። «መቼ ነው የሚሰፉኝ?»

«አይሰፉሽም» አልኋት።

«ለምን?»

«ሳንባሽ ስለተጎዳ አይችለውም። ዘግይተናል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱን እስከ ደረቷ ሳበችው። «ታዲያ ትልኪኛለሽ?»

«የት?»

«ወደዚያ። ልጆቹ ካልዳንሽ ይመልሱሻል ብለውኛል።»

«አልልክሽም።»

«ወረቀት አለው?»

«አለው።»

«አሳዪኝ።»

ቤት እንደገባን የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አወጣሁላት። ማንበብ ገና ስላልለመደች እኔ ቀስ እያልሁ አነበብሁላት። «ለዘለቄታው ልጇ እንድትሆን» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ አስቆመችኝ።

«ለዘለቄታው ስንት ዓመት ነው?»

ይህንኑ ጥያቄ ሐኪሙን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለብቻው አግኝቼ ጠይቄው ነበር። ቁጥር አልሰጠኝም።