ከረፋድ በኋላ የተዘጋ ደጅ

«የላስታን ተራራ ደመና ቢያለብሰው፣
እም… እም… ምን ሆነብኝ ያ ሰው…»

መካከሉ ጠፍቷታል። ፅናት ሥራ ሲከብዳት የምታንጎራጉረው ይህንኑ ነው። አሥራ አራት የላሊበላ አስጎብኚዎች እንግዳ የሚቀበሉበትን ዌብሳይት በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የሠራችው እሷ ናት። ሥራ ከጀመረ ወር ሞላው፤ ከአንድ ሁለት ሰው በቀር አስጎብኚ የያዘ የለም።

ትናንት ከሁሉም አንጋፋው ጋሽ ከፋለ መጡ።

«ፅናትዬ፣ በቃኝ። ነገ ጓዜን አስሬ ከነገ ወዲያ ፍላቂት፣ ወንድሜ ዘንድ፣ እርሻ ልገባ ነው። ገብስ እንኳ ሽማግሌ ነህ ብሎ አይንቅም።» ሊስቁ ሞከሩ። «የአሸተን ማርያምን ዳገት ስወጣ ሳለከልክ ያየ ፈረንጅ አውርቶብኝ ይሆናል።»

ዛሬ ኮንፊገሬሽን ፋይሉን፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያነበውን መመሪያ፣ መስመር በመስመር መረመረችው። የዳታቤዙ አድራሻ ልክ ነው። ፓስወርዱም ልክ ነው። ከታች ሁለት መስመር ቀረ፦ መክፈቻ 3፣ መዝጊያ 11።

ሁለቱን ቁጥሮች ደግማ አነበበች።

የአስጎብኚዎቹ ቢሮ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ክፍት ነው ሲሏት እንደ ሰማች ጽፋዋለች። ዌብሳይቱን የሚያስኬደው ሰርቨር ግን የላስታን ፀሐይ ምን ያውቃል? ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ይከፍታል፣ ከረፋዱ አምስት ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ለጻፈው ሁሉ «አስጎብኚ የለም» ሲል ከርሟል። ስንት መንገደኛ ደጃቸው ደርሶ፣ ድምፁ ሳይሰማ፣ እንደ ጉም ተመለሰ!

9 እና 17 ብላ አረመችው፤ ፕሮግራሙንም እንደገና አስነሣችው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ከፋለ ቤት ሄደች።

«እንግዳ አልጠላዎትም፣ ጋሽዬ። ደጁን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ወር ሙሉ?»

«ወር ሙሉ።»

«እኔ እኮ ጉልበቴን ስረግም ነው የከረምኩት!» ጓዛቸውን ገልመጥ አደረጉ። «ለሌሎቹስ ነገርሽ?»

«ገና።»

«ከአስጎብኚዎቹ እነ ኪዳን አፋቸው ክፉ ነው። ይሰድቡሻል፤ ቻይው። እኔም አልማርኩሽም ገና።»

«ኧረ ተዋት!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ አዛለች ከጓዳ። «ጾም ውላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ልጅቱን በነገር ትገድላታለህ?»

በሩ ሥር የታሰረው ጓዝ አልተፈታም። ጋሽ ከፋለ ግን ዞር አሉና በርጩማውን በእግራቸው ወደ እሷ ገፉላት። እትዬ አዛለች እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። ፅናት እጇን ታጠበች፤ ዓይኗን ከሽሮው ሳታነሣ ተቀመጠችና ቆረሰች።