መንታ ሽቦ ያለው ጊታር

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ማንጎ የሚረግፍበት ሰሞን ነበር። የልጅ ልጄ የትዕግስት የኤሌክትሪክ ጊታር ተሰርቆ ሳለ፣ አሶሳ ገበያ አብረን ስንሄድ አንድ ጎረምሳ ቁርጥ እሱን የሚመስል ይዞ አየችና «ሌባ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ድንጋይ ይዞ ከበበው።

«እማማ፣ በእናትዎ፣ የራሴ ነው!» አለኝ ልጁ።

«ቆዩማ!» አልኩ። ትዕግስት ያስተማረችኝን አልረሳሁም። «የሷ ጊታር ድምፅ የሚቀበለው በመንታ ጥቅል ሽቦ ነው። ሲመቱት ወፈር፣ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ካልነኩት ጭጭ ነው። ነጠላ ሽቦ ያለው ግን ሳይነኩትም ያጉረመርማል። ይሰካና እንስማው!»

ገበያው ዳር ካለ ሙዚቃ ቤት ወስደው ስፒከር ላይ ሰኩት። ክሩን ማንም ሳይነካው እንደ ንብ ቀፎ እምምም አለ።

ትዕግስት ፊቷ አመድ መሰለ። «የኔ አይደለም» አለች። ካንዱ እጅ ድንጋይ ተቀብላ ማጅራቷ ላይ አደረገችና ልጁ እግር ስር ተንበረከከች።

«ተነሺ እቴ፣ ይቅር ብያለሁ» አላት።

የሷ ጊታር ሳይገኝ ቀረ። አሁን በኪቦርድ ትዘምራለች። ልጁ ከአሶሳ ወዲያ፣ ሸርቆሌ ገብቶ ጊታር ያስተምራል። እኔም ይኸው አለሁ።