ሰዳቢ ያጣሁበት ገና

በመቀሌ ከእኔ በላይ ጨዋታ አዋቂ የለም። ይህን የምለው እኔው ነኝ፤ ግን ሌላ ሰው ብትጠይቁም ሳይወድ በግዱ ያንኑ ይነግራችኋል። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከሥዕሎቹ ሥር የተጻፈውን እየገመትኩ ራሴው ነኝ የለየሁት። ድንጋይ መጥረብም እንደዚያው ነው። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከላስታ ስንመጣ መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። ዛሬ የጠረብኩትን ድንጋይ ጸሐይ ስታየው ታፍራለች።

ልደት ሲመጣ ደግሞ ንጉሡ እኔ ነበርኩ። እኛ አገር ገና የምንለውን ጨዋታ እዚህ ቃርሳ ይሉታል። ዱላው ያው ነው፣ በዱላ የምንመታት ሩርም ያችው ናት፣ ስድቡም ያው ነው። እኔ ለታች ሰፈር፣ ወንድሜ ለላይ ሰፈር አለቆች ነበርን። ሰው ሩሯን ሊያይ አይመጣም፤ ሁለት ወንድማማች ሲሰዳደቡ ሊሰማ ነው የሚመጣው። በዚያ ቀን ታናሽ ታላቁን ቢያዋርድ የሚቀየም የለም። ወንድሜ እንደ ባሕር ዛፍ ረጅም ነው፤ እኔ የእሱን ወገብ ነው የማክለው። ሜዳው መሐል ይቆምና እንዲህ ይላል፦

ታች ሰፈሮች ስሙኝ፣ ምነው ሰው ጠፋችሁ፤
ለጨዋታ ወጣችሁ ጉልቻ ይዛችሁ።

እኔም አላሳድረውም። ጣሊያን ጋ ግንብ ሲሠራ ያገኛት አንድ የካኪ ሱሪ ነበረችው፤ ያንዱ እግሯ ጫፍ በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል። ለምን እንደሚያጥር ብጠይቀው ይስቃል እንጂ አይናገርም። እኔም፦

ላይ ሰፈሮች ስሙኝ፣ ጅብ ገብቷል ከደጃችሁ፤
ያንድ እግር ሱሪውን ተበላ አለቃችሁ።

ሴቶቹ እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር የሚስቁት።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ በአንዱ ክረምት፣ ተስቦ ገባና ወንድሜን ወሰደው። መቃብሩን ራሴ ነኝ በድንጋይ የሠራሁት። አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ ግን ለማን ጉራዬን እነዛለሁ።

የገና ጾም እየገፋ መጣ። በየቤቱ ብቅል ይፈጫል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ ስዋ ስዋ ይሸታል፤ ጠላን እዚህ ስዋ ነው የሚሉት። እኔ ምንም አይሸተኝም። በዓሉ ይመጣልኝ እንደሆነ ብዬ ያላደረኩት የለም። ገበያ ወርጄ በጎቹን አየሁ፤ በጎቹም እኔን አዩኝ፤ የተዛዘንን ይመስለኛል። ሥራ ቦታ አንድ ቀልድ መጣችልኝ፣ ጥሩ ቀልድ ነበረች። ልናገራት አፌን ከፍቼ ወደ ግራዬ ዞርኩ። ወንድሜ ሁልጊዜ ድንጋይ የሚያቀብለኝ በግራዬ ቆሞ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሠራተኞቹ ምን ልትል ነበር ቢሉኝ አቧራ ገባብኝ አልኳቸው።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የላይ ሰፈር ሽማግሌ ቤቴ መጡ። ተቀመጡና የወንድሜን ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ፣ ሁለቱ ሰፈሮች ተነጋግረው የእኔን ሐዘን በማክበር ዘንድሮ ቃርሳ እንዳይኖር መስማማታቸውን ነገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተገላገልኩ።

ሽማግሌው ሲወጡ ባለቤቴ ብቅሏን እያሰጣች፣ ቀና ሳትል ተናገረች። የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ስትቆጣ አማርኛዋ ያጥራል፤ አንተ ሰውዬ የምትለኝም በትግርኛ ነው።

“ኣታ ሰብኣይ፣ አገሩ ሁሉ ካንተ ጋር ሐዘን ይቀመጥ ነው የምትል?”

“እኔ አልከለከልኳቸውም።”

“አልከለከልክም። ግን ወንድምህ ይሄን ቢሰማ ምን ብሎ ነበር የሚሰድብህ?”

ያን ሌሊት የእሱን ስድብ ስፈልግ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያዬን ይዤ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጣሁ። ልጫወት ቆርጬ አይደለም፤ ዱላ ብቆርጥ ምናልባት ልቤ ይከተለኛል ብዬ ነው። ከኮረብታው በስተጀርባ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር የወይራ ቁጥቋጦ አለ። በየዓመቱ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው፤ በየዓመቱም ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ለቁመቴ ልክ የሆነ ቅርንጫፍ አገኛለሁ። ሌላው ሰው ቀጥ ያለ ቆርጦ በእሳት ሲያጎብጥ ይውላል። እኔ ግን ወይራው ራሱ ያጎበጠውን ይዤ እወርድና፣ ዓይን ያለው ሰው ይህን ይመስላል እያልኩ ሰፈሩን አሰለቻለሁ። ወንድሜም አብሮ ያደንቅልኝ ነበር። የእሱ ዱላ ሁሌም ከመንገድ ያነሳት የምትመስል ጎባጣ እንጨት ናት።

ዘንድሮም ቅርንጫፏ ነበረች። ግን ዘንድሮ ቀድሞኝ መጥቶ የፈታት ሰው የለም።

ጫፏ ወደ ውስጥ ተጎትቶ በጨርቅ ታስሯል። ዓመት ሙሉ እንደታሰረች አድጋ ቅርጿን ይዛለች። ጨርቁ ዝናብና ጸሐይ ቢያነጣውም ካኪ ነው፤ የወንድሜ ሱሪ ካኪ። ቋጠሮው ደግሞ ለግንብ መወጣጫ እንጨት የምናስርበት፣ ወንድሜ ያስተማረኝ ቋጠሮ ነው።

ቋጥኙ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ በቁጥቋጦው ዙሪያ ሁሉ ፈለግኩ፤ ለራሱ ያሰራት ረዘም ያለች ቅርንጫፍ ትኖር ይሆናል ብዬ። የለችም። አንዷን ብቻ ነው ያሰረው፤ እሷም ለድንክ ልክ ናት። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቆረጥኳት። ጨርቁን ግን አልፈታሁም።

ስወርድ በቀጥታ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ቃርሳው ይኑር፣ እኔም እወጣለሁ አልኳቸው። ዱላዋን አይተው፣ ይኑር አሉ።

የልደት ዕለት ሜዳው ሞላ። የእኔ ሰዎች ከታች፣ የእሱ ሰዎች ከላይ ተሰለፉ። የስድቡ ጊዜ ደረሰ፤ ከላይ በኩል ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ሐዘንተኛ እንዴት ይሰደባል ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከስድብ ሁሉ እሱ ከፋኝ። ሜዳውን አቋርጬ ሄድኩና እነሱ ፊት፣ ወንድሜ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ወደ ገዛ ሰፈሬ ዞሬ በምችለው ሁሉ ድምፄን አወፍሬ ጮህኩ፦

“ታች ሰፈሮች ስሙኝ፣ ምነው ሰው ጠፋችሁ፤
ለጨዋታ ወጣችሁ ጉልቻ ይዛችሁ።”

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ብቻ ፊቷን አዞረች። እየሮጥኩ ወደ ጎኔ ተመለስኩ፤ የእኔ ሰዎችም መልስ፣ መልስ፣ የጅቡን አምጣ አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። እጄ ዱላዋ ላይ የታሰረችውን ካኪ ይዛለች። ያቺን ግጥም ከእንግዲህ የምላት አይደለችም። ሩሯን ወርውሩ አልኳቸው።