ወረቀቱን አስቀምጪ

ነገ የአክስቴ አርባ ነው፤ የመንደራቸውን የኮሶዬን ሴቶች ቀና ብዬ እንዴት እንደማያቸው አላውቅም።

አክስቴ ሙሾ አውጪ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሟቹን ግን በሁለት ስንኝ ከፊታችን ያቆሙት ነበር። እኔ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በተከፈተው የጎንደር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ግጥሜ በጋዜጣ የወጣ ጊዜ ወስጄ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሸጋ ነው። በይ አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ንገሪኝ» አሉ።

ከሁለተኛው ስንኝ ማለፍ አቃተኝ።

«ምነው ልጄ፣ የራስሽ አይደለም እንዴ?»

ከዚያም በኋላ ያሳተምኩትን ሁሉ ይዤ ስሄድ የሚሉኝ ይህንኑ ነበር። ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

ያረፉ ዕለት ሙሾ የሚያወጣላቸው ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ በጋዜጣ የምትጽፊው፣ አውጪላቸው እንጂ!» አለችኝ ጎረቤታቸው ደረቷን እየመታች።

ስመጣ ማኪና ላይ የጻፍኩትን ከቦርሳዬ አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ስንኙን ተቀብለው ሊያለቅሱ የተዘጋጁት ሴቶች ወረቀቱን ሲያዩ ዝም አሉ። ደረት የሚመቱት እጆች ቆሙ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ አዋጅ ነጋሪ ብቻዬን ጮህኩ። ስጨርስ አንዲት እንባ አልወረደችም።

ፊቴ እሳት ሆነ። ወረቀቱን አስቀምጪ የሚሉኝን ሴት በዓይኔ ፈለግሁ። ከፊቴ፣ ቃሬዛው ላይ፣ ተገንዘው ተኝተዋል።