የራቢአ አዳራሽ ሊከፈት የነበረበት ቅዳሜ

ስሙኝማ፣ ዛሬ የራቢአን ነገር ሳልነግራችሁ አላድርም። ሰልማን እባላለሁ፣ የቡራዩ መርካቶ መስመር የታክሲ ረዳት ነኝ። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወሬ ግን አልገድፍም።

እኛ ሰፈር ራቢአን የማያውቃት የለም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ሰሃን ታከራያለች። ሰርግም ሆነ ለቅሶ የሚጠሩት እሷን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ነው። አንድ ቀን ጋሪ ላይ ወንበር እየጫንኩላት፣

"ሰልማን፣ ሰው እዚህ የሚሰበሰበው ሲድርና ሲቀብር ብቻ ነው። ዝም ብሎ ለመሳቅ የሚሰበሰብበት ቤት ልከፍት ነው" አለችኝ።

"ለመሳቅማ አዲስ አበባ ይሄዳል።"

"ሄዶ በታክሲ ሰልፍ ተናዶ ነው የሚመለሰው። አንተ አይደለህ እንዴ እንደ ሽንኩርት የምትጭነው?"

ይሄ እንግዲህ 2008 ነው። የማስተር ፕላኑ ጣጣ ከተነሳ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ ሲቀመጥ እሷ አዳራሽ ትላለች። አበደች ብለናል፣ ምን እዋሻለሁ።

ያየችው ቤት የኦቦ ደቻሳን መጋዘን ነው። ኦቦ ደቻሳ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ወደ ከተማ ተካልሎ ሲወሰድ የቀረቻቸው ይቺ መጋዘን ናት። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ለመስከረም ልከራያት ብሎ ይለምናቸዋል። ራቢአ ሄዳ፣ "ኦቦ፣ ለሦስት ወር ብቻ ለኔ ያከራዩኝ" አለቻቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔን ሰው በወረቀት ነው የሸወደኝ፣ ወረቀት አልፈልግም" አሏት። "ጳጉሜ ሳይገባ አንድ ቀን በሰው ሞልተሽ አሳዪኝ። ከሞላሽው ቤቱ ላንቺ ነው የማከራየው። ካልሆነ ለሲሚንቶው።"

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ በዚህች አንድ ቀን ላይ ተንጠለጠለ።

መድረኩን ከለስላሳ ሳጥን ሠራነው። ሳጥን ደረደርን፣ ጣውላ ጫንን፣ ላዩን ምንጣፍ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ አድርገነው ነበር። ራቢአ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየችና፣ "አርፍዶ የመጣ ሁሉ በኮሜዲያኑ አፍንጫ ስር ሊያልፍ ነው? አንሱት" አለች። በአራት ቀን ሦስት ጊዜ አነሳነው፣ ወገቤ እስከዛሬ ያስታውሰዋል።

ዋናው ችግር ግን ጣሪያው ነበር። ቆርቆሮ ነው፣ ጊዜው ደግሞ ነሐሴ። ዝናቡ ሲወርድ ማይክ ይዤ ብጮህ አጠገቤ ያለው ሰው አይሰማኝም። አስተዋዋቂው እኔ ነኝ፣ መንገሩን ረሳሁት። ታክሲ በር ላይ ስጮህ ሰምታ ነው የመረጠችኝ። ራቢአ ሁለት ቀን አንጋጣ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ትልቁን የለቅሶ ድንኳን አምጥታ ሸራውን ከጣሪያው ስር በገመድ ወጠረችው። በሸራውና በቆርቆሮው መሃል የእንቁላል ካርቶን ጠቀጠቀች። "ስንት ክረምት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ሸራ ዝናብን ዝም እንደሚያሰኝ አላውቅም?" አለች። እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ዝናብ መድረክ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ ባወራም መጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማል።

ሾው የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት ተባለ። ከአዲስ አበባ አንድ ኮሜዲያንና አራት ሰው ያለው ባንድ ይመጣል። ኢንተርኔት ስለተዘጋ ማስታወቂያውን የነገርኩት እኔ ነኝ። "መርካቶ፣ መርካቶ፣ ቅዳሜ ሳቅ በራቢአ አዳራሽ፣ መርካቶ" እያልኩ።

ሐሙስ ግርግር ተነሳ፣ አንድ ልጅ ሞተ። ዓርብም ተኩስ ሲሰማ ዋለ፣ ሌላ ልጅም ተመታ። ቅዳሜ ስንነሳ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ታክሲ የለ፣ ሱቅ የለ። ራቢአ ግን ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ሁለት መቶ ወንበር በክር እየለካች ትደረድራለች።

ስልኳ ጮኸ። የባንዱ አለቃ ሀብተወልድ ነው።

"አስኮ ላይ መለሱን" አላት።

"ሀብቴ ወንድሜ፣ ቤት እንዳትገቡ። እዛው ቁሙ፣ ይከፈታል።"

"በምን አወቅሽ?"

"አላወቅኩም" አለችው።

አራት ሰዓት ላይ ሐጂ ከድሩ መጡ፣ የእድራችን ዳኛ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

"ራቢአ ልጄ፣ የማርቆስ ልጅ አረፈ" አሉ።

ጋሽ ማርቆስ ማለት የአዳራሹን ግድግዳ የለሰነልን ግንበኛ ነው። ዓርብ የተመታው የሱ ልጅ ነበር፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ።

"የእድሩ ድንኳን የሐሙሱ ልጅ ቤት ተተክሏል። እዚህኛው ቤት ሰዉ ዝናብ ላይ ቆሟል። ድንኳንሽንና ወንበርሽን ፈልገን ነው።"

ራቢአ ገርበብ ያለው በር ላይ ነው የቆመችው። "ሁሉም ወጥቷል ሐጂ። የለም" አለቻቸው።

ሁለት መቶው ወንበር ከኋላዋ ይታያል። ሐጂ ሲያዩት አየሁ። "እሺ ልጄ፣ አላህ ያግዝሽ" ብለው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ቢሰድቧት ይሻል ነበር።

ገብታ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ዋሸሁ" አለች።

እኔም ያልኩት ጥሩ ነገር አይደለም፣ አልደብቃችሁም። "ለአንድ ከሰዓት እኮ ነው ራቢዬ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንወስድላቸዋለን። ኦቦ ደቻሳ ሌላ ቀን አይሰጡሽም" አልኳት።

እዚህ ላይ ስልኩ ድጋሚ ጮኸ። ሀብተወልድ ነው፣ ያለከልካል። "መሳሪያውን ተሸክመን ውስጥ ውስጡን በእግር እየመጣን ነው፣ ጠብቂን።" በሩ ላይ ደግሞ ወጣቶች መሰብሰብ ጀምረዋል። ከሐሙስ ጀምሮ ቤት ተዘግተው የቆዩ ናቸው። ዝናብ እየመታቸው ሳቅ ይጠብቃሉ። ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ስልሳ ደርሰዋል። ሊሞላ እኮ ነው። የለፋችበት ነገር ሊሆን ነው እኮ የምላችሁ።

ራቢአ ስልኩን ዘጋችና ወደ ሸራው አንጋጠጠች።

"ሰልማን፣ ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ትወጣና ምን ትላለህ?"

"እንደምን ዋላችሁ ቡራዩዎች እላለሁ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ ቀልድ ነው።"

"የማርቆስ ልጅ ድንኳን ስር ቆመህ?"

እኔም ወደ ሸራው ቀና አልኩ።

"ቢላ አምጣ።"

አላመጣሁም። ራሷ አመጣች። መሰላል ላይ ወጥታ ገመዱን አንድ በአንድ ቆረጠችው፣ እያለቀሰች አይደለም፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። የእንቁላል ካርቶኑ በወንበሮቹ ላይ ዘነበ። ከበሩ አንዱ "ጀመሩ እንዴ?" ብሎ አላገጠ። ራቢአ ወርዳ ወጣችላቸው።

"ሾው የለም። ጋሽ ማርቆስ ቤት ለቅሶ አለ። ሁላችሁም ሦስት ሦስት ወንበር አንሱ።"

ዕድላዊት የምትባል አፈኛ ልጅ "ልንስቅ መጥተን ወዛደር ሆንን" አለች። እሷው ግን አራት ተሸከመች።

ድንኳኑን ስንተክል ሐጂ ከድሩ ምሰሶውን ያዙ፣ ራቢአ ካስማ ትመታለች። "ሐጂ፣ ቅድም ያልኩዎት ነገር..." ብላ ጀመረች።

"ካስማውን አጥብቂው፣ ንፋስ አለ" አሏት።

ጋሽ ማርቆስ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ የሚያይ ሰው አልነበረም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፣ እነዛ ግድግዳ ሲለስኑ ያየኋቸው እጆች።

የቀሩትን ወንበሮች ልወስድ ስመለስ ባንዱ ከነኮሜዲያኑ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆሟል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ሀብተወልድ የሚለኝን አልሰማሁትም። ኦቦ ደቻሳም አዲስ ኮት ለብሰው በሩ ላይ ደረሱ።

"ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ?" አሉኝ።

"ለቅሶ ሄደ ኦቦ። ወንበሩም፣ ሰዉም።"

እሳቸውም ወደ ለቅሶው ሄዱ፣ ባንዱም ተከተላቸው።

ጳጉሜ ሲገባ ራቢአ ልትለምናቸው ሄደች። "አልተቆጣሁሽም፣ እኔም ብሆን እንደዛው ነው የማደርገው" አሏት። "ግን ኢንተላ ኮ፣ እኔም ልብላ።" ሲሚንቶው ገባ። ብዙም ሳይቆይ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ መሰብሰብ ራሱ ክልክል ሆነ። ያን ሰሞን ራቢአ ሸራ ከማጠብ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ያጠበችውን መልሳ ስታጥብ አይቻታለሁ።

አሁንም ትፈልጋለች። ሰበታ ሄደናል፣ ሱሉልታ ሄደናል። ባዶ ቤት ስታይ ትገባና አንዴ አጨብጭባ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ከዛ ራሷን ነቅንቃ ትወጣለች። ያ ቀን ቆጭቶሽ ያውቃል ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሌላ ባዶ ቤት እንይ ብላ ተነሳች። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ ከዛ ደግሞ መቆጨቴ ያሳፍረኛል።

እናንተስ፣ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን በገዛ እጃችሁ ያፈረሳችሁበት ቀን አለ? ምን ነበር፣ አሁን ስታስቡትስ ምን ይሰማችኋል?