ጉልበቱን ያመዋል አልኩ

ልጄ እግር ኳስ ይጫወታል ስል ሐበሻው ሁሉ ስንት ጎል አገባ ይለኛል። የኔ ልጅ ጎል አያገባም። እዚህ ካልጋሪ የሚጫወተው ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበትን፣ በእጅ የሚያዘውን ኳስ ነው፤ እሱ ደግሞ ኳሷን እንኳ አይነካትም። መሃል ላይ አጎንብሶ ይቆማል፣ ግንድ የሚያካክሉ ሁለት ወንዶች ይወድቁበታል፣ በቃ። የዩኒቨርሲቲውን ጨዋታ ሁሉ ዓይኔን በስካርፌ ሸፍኜ ነው የጨረስኩት።

የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ለአንድ ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰውዬ ሞንተሬይ ፓርክ ያለው ቤታችን መጣ። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ "ማሚ፣ ፕሊዝ፣ ኖርማል ሁኚ" ሲለኝ ነበር። ሰውዬው ይሆናል ካለ ይወስዱታል፤ አይሆንም ካለ ያ ሁሉ ድብደባ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ባይወስዱት ልቡ፣ ቢወስዱት አጥንቱ እንዳይሰበር እፈራ ነበር።

ሳምቡሳ አቀረብኩለትና "ለመሆኑ የዚህ ልጅ ምኑ ታይቶ ነው?" አልኩት። ጥያቄዬ ደስ አሰኘው።

"ኳስ የያዘው ሯጭ በመሃል እንዲያልፍ ሁለት ሰው ልጅዎን ገፍቶ መንገድ ሊከፍትለት ይሞክራል። ልጅዎ ግን ንቅንቅ አይልም። ዝቅ ብሎ ይገባል፣ እጁም ቀድሞ ይደርሳል። ኳስ ወርዋሪውን አሳዶ መያዝ ላይ ቀርፋፋ ነው፣ አልደብቅዎትም። ግን እንዲህ ያለ እግር በሥራ ዘመኔ አላየሁም!"

ይህን ሲል የልጄን እግር ትክ ብሎ እያየ ነው። ልቤ ክው አለ። በእኛ ቤት የሰው ልጅ ፊት ለፊት እንዲህ አይደነቅም፤ ዓይን ያርፍበታል። እኔን ሰው ሲያመሰግነኝ እናቴ "ኧረ ይቺ መናኛ!" ብላ ታጣጥለኝ ነበር። ላማትብበት ፈለግኩ፣ እንግዳው ፊት አፈርኩ። ከዚያ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።

"ኧረ ምኑ ይደነቃል! ጉልበቱን እኮ ያመዋል።"

ሰውዬው ማኘኩን አቆመ። "የትኛውን ጉልበቱን?"

ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። "የለም የለም፣ ውሸቴን ነው፣ እኛ አገር ልጅ ሲመሰገን እንዲህ ይባላል" ብዬ ተንተባተብኩ። ፈገግ አለልኝ፤ እንዳላመነኝ ግን ፊቱ ያስታውቃል። የሸሸገችው ነገር አመለጣት ብሎ ነው የሚያየኝ። ልጄ አቀረቀረ። ሰውዬው ሲነሳ፣ ከመወሰናቸው በፊት ሁለቱንም ጉልበቱን ኤም አር አይ እንደሚያስነሱት ነግሮን ወጣ።

በሩን ዘጋሁ። የልጄን እንጀራ በገዛ ምላሴ ቆረጥኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝም በወደድኩ።

"ይቅር በለኝ የኔ ጌታ" አልኩት። "ግድ የለም፣ ኤም አር አይ ሲያነሱህ ምንም እንደሌለብህ ያያሉ። ውሸቴን እንደሆነ ያውቃሉ።"

ቀና ብሎ አላየኝም። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል።

"ማሚ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ማን ነገረሽ?"