በሐይቁ ዳር ለአንድ እግር

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ይህን ያህል ረጅም ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ ያቃናው።

እኔ ኮልፌ ውስጥ የአንድ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በየመንደሩ እየዞርኩ እነፋለሁ፤ «እከሌ አርፈዋል፣ ቀብር በስድስት ሰዓት» ብዬ እለፍፋለሁ። ከኔ በኋላ ሥራው የወጥ ቤት አለቃችን ነው። ሠላሳ ዓመት ለሐዘንተኛ ወጥ የሠራች ሴት ናት። እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ታበላለች። አምና ግን ስኳር በሽታ ቀኝ እግሯን ከጉልበት በታች አስቆረጣት። ከዚያ ወዲህ ደጇ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስትቆጣ ትውላለች። ሰው ሠራሽ እግር ይሠራልሻል ቢሏትም ዋጋው ከዕድሩ አቅም በላይ ሆነ።

የዕድራችን ጸሐፊ ወጣት ሴት ናት። በስብሰባ ላይ ተነስታ፣ «በውጭ አገር ሰው የባሕር ጠረፍ ይዞ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይሄዳል። ለዚያ ሲባል ሰው ለበሽተኛ ይለግሳል» አለች።

«ባሕሩን ከየት እናምጣልሽ?» አሉ የዕድሩ ዳኛ።

«ሐይቅ አለን።»

«ለምን እዚሁ ሳንሱሲ ደርሰን አንመለስም?» አልኩ እኔ።

«ጋሼ፣ ሳንሱሲ ለመድረስ ማን ይለግሳል? እዚያማ ሰው ዳቦ ለመግዛትም ይሄዳል» ብላ ጉባኤውን አሳቀችብኝ።

የሐይቁ ጉዞ ተወሰነና ሁሉም ከጨረሰ ገንዘብ ሊሰጥ ቃል የሚገባለት ሰው ፈለገ። እኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎማ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄድኩ። አባቱ ሲሞቱ የለፈፍኩት እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ለመምጣት እንኳ ታክሲ ይዘዋል።»

«ዝናብ ሆኖብኝ ነው።»

«እዚያ ደግሞ ፀሐይ ነው የሚሆንብዎት» አለና ሳቀ። «ይስሙኝ። መኪናም ይሁን ፈረስ፣ ምንም ነገር ላይ ሳይወጡ ከጨረሱ እግሩን ሙሉውን እኔ እገዛዋለሁ። አንዲት እርምጃ ተጭነው ከሄዱ ግን የለሁበትም።»

እልኸኛ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል፤ እሱ አያውቅም ማለት ነው።

ቅዳሜ ሌሊቱ ሲነጋ አውቶቡሱ ሐይቁ ዳር አራገፈን። መድረሻችን በሩቅ፣ ጉብታ ላይ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልደረሰውን መኪና መጥቶ ይለቅመዋል ተባለ።

ሐይቅ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ትልቅ ባኞ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ውኃው ዝም ብሎ የሚተኛ። አይተኛም። ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ማን እንደሚገፋው አይታይም። አንድ እንጨት ዳር ላይ ተከልኩና ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ ቆሜ አየሁ። ቀመስኩት፤ ጭቃ ጭቃ ይላል እንጂ ጨው የለውም። ምንቃሩ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ ነጭ ወፍ ዓሣ ሲውጥ አየሁና አንገቱ ላይ የት ጋ እንደሚወርድ በዓይኔ ተከተልኩት። «ጋሼ፣ ይራመዱ እንጂ!» ይሉኛል። ሰባ አንድ ዓመት ያላየሁትን ነገር እንዴት ብዬ በሩጫ ልለፈው?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳኛው በመኪና ቀድመው፣ ለምሳ ጥላ እንዲሆነን የዕድሩን ድንኳን አስተክለው ጠበቁን። ሰዉ በዳርቻው ተበታትኗል። «ይሰብስቡልኝ» አሉኝ። ጡሩምባዬ ከከረጢቴ አይለይም። አውጥቼ ሦስቴ ነፋሁ፣ እንደ ለመድኩት፣ ረዘም አድርጌ።

ሰዉ ተሰብስቦ ዳቦ መቁረስ ስንጀምር ከግራሮቹ ኋላ የሴቶች ለቅሶ መጣ። አምስት፣ አሥር፣ ከዚያ ሐያ ሆኑ፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደረታቸውን እየደቁ። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላ ይከተላሉ። ድንኳን አይተዋል፣ ጡሩምባ ሰምተዋል፤ ሐይቁ የከተማ ሰው በላ ብለው መጥተዋል። አንድ ቀጭን ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና «ኤኙቱ ዱኤ?» አሉኝ። ማን ሞተ ማለታቸው ነው። የጎረቤቶቼን ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ መናገሩ ላይ ግን አልበረታም።

«ማንም አልሞተም» አልኩ በአማርኛ።

«ታዲያ ለምን ነፋህ?»

«ምሳ ደርሶ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሴቶቹ ዞረው ተናገሩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ግን አላመነችም፤ ሬሳውን ደብቃችሁ ነው ብላ ድንኳኑን ዞረች። ዳኛው ላብ በላብ ሆኑ። ለለቅሶ የመጣን ሰው ደግሞ ሳያበሉ መስደድ በእኛ አገር የለም። ያለንን ዳቦ ከእነሱ ጋር ቆረስን፣ ይቅርታ ጠየቅን፣ ተመራረቅን። ስንነሳ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

ጸሐፊዋ መጣች። «ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት አይደርሱም። መኪናው ውስጥ ይግቡ፤ ማንም አይናገርም።»

«እኔ እናገራለሁ።»

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የነፋሁት እኔ ነኝ። እግሩ ቢቀር በኔ ትንፋሽ ቀረ ማለት ነው። በትሬን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌው ከኋላዬ መጡ።

«የት ነው?» አልኳቸው።

«ልሸኝህ። ለቅሶ ብዬ ወጥቼ ምሳ በልቼ ብገባ ሚስቴ ምን ትለኛለች?»

አንተ ማለታቸው ደስ አለኝ። በሰፈሬ አንተ የሚለኝ ሰው አልቆ ነበር። እኔም አንተ አልኩት። በመንገድ ላይ ጠየቅኩት፤ ዓሣ ይተኛል? «ጠይቄው አላውቅም» አለ። ጉማሬው ለምን ማታ ይወጣል? «ቀን ቢወጣ አንተን የመሰለ ያፈጥበታል።» ለማን እግር እንደምሄድ ነገርኩት፤ ከዚያ የሱ ተራ ሆነ።

«የተቆረጠው እግሯ የት ሄደ?»

«ቀበርነው። ካህን ነበር።»

«ጡሩምባ ነፋህለት?»

«አልነፋሁም።»

«ለምሳ ነፍተህ ለእግር አልነፋህም?» ብሎ ቆሞ ሳቀ፤ እኔም በትሬን ተደግፌ ሳቅሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አፍ ደረስን። የኛ ሰዎች በጀልባ ተሻግረው ኖሮ ከማዶ ይጣራሉ። ባለ ጀልባው እጁን ዘረጋልኝ። ስፋቱ ከኮልፌ አስፋልት አይበልጥም። እግሬ ጀልባው አፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ሐያ እርምጃ ናት!» ይጮኻሉ ዳኛው ከማዶ። «ማን ያይዎታል?»

«መሻገሪያ የለም?» አልኩት ሽማግሌውን።

«ላይ አለ። ይርቃል። ውኃውም እስከዚህ ነው» ብሎ ወገቡን አሳየኝ።

«ጉማሬስ?»

«እሱ ከታች ነው። ዛሬ እዚያ ከዋለ።»

የወንዙን ዳር ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ስንት ጊዜ እንደ ቆምኩ አልናገርም። መሻገሪያው ጋ ጫማዬን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሽማግሌው ዱላውን አስይዞኝ ከፊት ገባ። ወንዝ ሰውን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚገፋ ያኔ ነው ያወቅኩት፤ ሐይቁ ይመልሳል፣ ወንዝ አይመልስም። መሐል ላይ ድንጋይ አዳለጠኝ፤ አንዴ እስከ ብብቴ ገባሁ። «ላዝልህ?» አለ። «እንዳትነካኝ!» አልኩት። ዱላውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስንደርስ አሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ጡሩምባ ይነፋል፤ ዳኛው በሩ ላይ ቆመው፣ «ዕድር ሰው ጥሎ አይሄድም!» እያሉ ይጣሉታል። ጸሐፊዋ ለነጋዴው ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ መኪና?»

«የለም።»

«ፈረስ?»

«የለም።»

«ወንዝ አለ ይላሉ። ጀልባስ?»

«በእግሬ።»

«ማን አየ?»

ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ገልብጦ ያዘና፣ «ሱሪው ይንጠባጠባል! ልሸከመው ብል ተቆጣኝ! ይህ ሰውዬ ምን በድሏችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ። ነጋዴው ሲስቅ ከስልኩ ይሰማል። ከዚያ፣ «በሉ፣ ሰኞ ትለካ» አለ።

ሰኞ የወጥ ቤት አለቃችን ተለካች። እግሩ ሲመጣ ዝናቡ ገብቶ ነበር። ልደግፋት ክንዷን ብይዝ፣ «ይልቀቁኝ ጋሼ፣ እርስዎ ሲሄዱ ማን ያዘዎት?» አለችኝ። ግድግዳውን እየነካች፣ አንዱን እየጎተተች፣ ኮብልስቶኑን ተሻግራ የዕድሩ ወጥ ቤት ገባች። ሴቶቹ ለአንድ ለቅሶ ሲከትፉ ደርሳ የድስቱን ክዳን አነሳች፣ አሸተተች፣ ትሪው ላይ ያለውን አየች።

«ይሄን ሽንኩርት እንዲህ የቆራረጠው ማነው?» አለች።

 ቢላዋውን ተቀብላ ቆማ መክተፍ ጀመረች።